አራተኛው ካርቡሬተር

አራቱ ካርቡሬተሮች የመጡት በብስኩት ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው ነው። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ካርቶኑን ጠረጴዛችን ላይ አስቀምጦ ጋዜጣውን ሲገልጥ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ንጽሕናቸው ነው። ተጋጭቶ ከተሰባበረ ሞተር ሳይክል ተፈታ የተባለ ዕቃ ይህን ያህል አይጸዳም።

«ከየት አመጣሃቸው?» አልኩት።

«ከሰው።»

«ከምን ዓይነት ሰው?»

«ሁለት እግር ካለው» አለና ሳቀ። «ጋሼ ደግሞ ጀመርክ! ርካሽም ሆነ፣ ጥሩም ሆነ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ርካሽም ጥሩም መሆኑ ነበር ያስጨነቀኝ።

ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ ይሉታል። ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ቆሞ ሲያወራ እንኳ ጣቶቹ በአየር ላይ የሆነ ብሎን የሚፈቱ ይመስላሉ። እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የፈታውን ዕቃ መልሶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይተርፈዋል። የውኃ መሳቢያችንን ሲጠግን ሁለት ብሎን ተረፈው። የሚስቴን የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግን ደግሞ አንዲት ሞላ ተረፈችው። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው ጋሼ» ይልና ኪሱ ይከተዋል። መሳቢያውም የስፌት መኪናውም ከዚያ ወዲህ ደህና ሠርተዋል። እኔ ግን ኪሱ የገቡትን አልረሳሁም።

ካርቡሬተሮቹ የሚገጠሙላት መኪና የአባቴ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው አመላልሶባታል፤ እኔንና ሁለቱን እህቶቼን ያስተማረን ከእሷ በሚያገኘው ነው። ከሞተ በኋላ እኔ ነዳኋት፣ ከዚያ የራሷ ካርቡሬተር ተሰንጥቆ ቤንዚን ማንጠባጠብ ሲጀምር ግቢያችን ውስጥ ቆመች። አዲሱ፣ ለዚያውም ከተገኘ፣ ከራሷ ከመኪናዋ ይወደዳል። ሦስት ዓመት እንደቆመች ከተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ፦ እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ድረስ ምርመራ ካላለፈች ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ ታርጋዋ ይነሳል። ታርጋ የሌላት መኪና ቁርጥራጭ ብረት ናት። ወሬው በምን እንደደረሰው አላውቅም፣ በማግስቱ የሰፈራችን የብረት ነጋዴ መጥቶ በሯን በጣቱ አንኳኳና «ላሜራዋ ወፍራም ነው» አለኝ። ሰው ሳይሞት የሬሳ ሳጥን የሚለካ መሰለኝ።

የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር እንግጠምላት ያለው ካቻቢቴ ነው። «አራት ሲሊንደር አላት፤ አራት ካርቡሬተር እንሰጣታለን። ለአራት መንታ አራት ጡጦ በለው።»

ያን ቅዳሜ ካርቶኑን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ። «ጋራዡ ሰው ይበዛበታል። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኟቸውን ቱቦዎች በይጄ እስክጨርስ እዚሁ ይቀመጡ፤ ሰኞ እወስዳቸዋለሁ።»

ለምን እኔ ዘንድ? አልኩ በሆዴ። ደህና ዕቃ አሳይቶኝ፣ ልቤን አሳርፎ፣ ሰኞ ከወሰዳቸው በኋላ ሌላ ቢገጥምልኝ በምን አውቃለሁ?

ሥራዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ሠራተኞቹ አዲስ የማሽን ኩሽኔታ ይወስዱና ያረጀውን ይመልሳሉ፤ «የሰጠኸን ይኸው ነው» ብለው ይምላሉ። ስለዚህ ዕቃ ከመስጠቴ በፊት ሰው ልብ በማይለው ቦታ ላይ የቀለም ጠብታ አደርጋለሁ፤ ለአንደኛው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት። በዚህች ዘዴ ስንት የሐሰት መሐላ አጋልጫለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቴ ጎረቤት ስትሄድ ካርቶኑን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ ቀለም አልነበረም። ከመስተዋቷ ሥር ካለው መሳቢያ ቀዩን የጥፍር ቀለሟን አወጣሁ። ውጪያቸው ላይ ባደርገው እጅ ይነካዋል ብዬ፣ አየር በሚያስገባው አፋቸው ውስጥ፣ በታችኛው ከንፈር ላይ አደረግሁት። እዚያ ከንፈር ላይ የመርፌ ዓይን የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ የጌጥ ያህል እንኳ ቦታ አልሰጠኋቸውም። አንድ ጠብታ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ቦታ ጠበበኝ፤ ጠብታዎቹ ተነካኩና ተያያዙ፣ የመጨረሻው ወፈር ብሎ ተንሸራተተ። ሲደርቅ እንደ ከንፈር ቀለም ሆኖ ቀረ።

አውራ ጣቴም ቀላ። በሳሙናም በቤንዚንም አልለቀቀኝም። ፕላስተር ለጠፍኩበት።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቴ ማታ።

«ቆረጠኝ።»

«ምን ቆረጠህ?»

«ካርቶን» አልኳት። ውሸት ባልለመደ አፍ እንዴት ያስጠላል!

ሰኞ ካቻቢቴ መኪናዋን አስጎትቶ ካርቶኑንም ይዞ ጋራዥ ወሰዳቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እዚያ እሄድ ነበር። ካቻቢቴ ሥራውን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ደስ እያለኝም እጁን እጠብቅ ነበር። በሞተሩና በካርቡሬተሩ መካከል የምትገባውን ስስ ጓርኒሲዮን እንደ ቀሚስ ንድፍ ወፍራም ብረት ላይ አነጠፋት፤ ዙሪያዋን በጠመኔ አሰመረና ብረቱን ቆረጠ። በእሱ ላይ አራት አጫጭር ቱቦዎች በየደ፤ ቱቦዎቹን ከካርቡሬተሮቹ ጋር በጎማ አገናኛቸው። «በብረት ቢታሰሩ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃሉ» አለኝ ሳልጠይቀው። የመኪናዋ የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ ለእነዚህ ይበረታባቸዋል፤ ሕፃን በባልዲ እንደ ማጠጣት ነው አለ። ስለዚህ የተረፈውን ቤንዚን ወደ ታንከሩ የምትመልስ ቀጭን ቱቦ አበጀ። ከተገዛው የሚበልጠው ተጠርቦ የተሠራ ነበር፤ ርካሽነቱ እዚያ ላይ ነው።

ማክሰኞ አሮጌው ካርቡሬተር ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጠፋ።

«የአባቴ ካርቡሬተር የት ሄደ?»

«ለሥራ ገብቷል።»

«ለምን ሥራ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ዕቃ ቤት አይደለም። ደረሰኝ አልቆርጥልህም!»

በዚያው ቀን አንድ ዕቃ አድራሽ ጎማ ሊያስነፋ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ወደ ውስጥ ገባ። አራቱ ካርቡሬተሮች ፊት ቁጢጥ አለና አንገቱን ዘመም አድርጎ አያቸው።

«እነዚህን የማውቃቸው ይመስለኛል» አለ።

«ካርቡሬተር እንደ ሰው መልክ የለውም፤ ሂድ ጎማህን አስነፋ» አለው ካቻቢቴ። ይህን ሲል ግን ዓይኑን ወደ እኔ ጣል አደረገ። ያችን አስተያየት ቤቴ ድረስ ይዣት ሄድኩ፤ አብራኝ ራት በላች፣ አብራኝ ተኛች።

ረቡዕ ሞተሩ ተነሣ። ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሞተር ሲነሣ መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ድምፁ ይገጥማል። ካቻቢቴ ክንድ የምታህል የጎማ ቱቦ ይዞ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በየካርቡሬተሩ አፍ ላይ እያደረገ አዳመጠ። አራቱ እኩል እስኪያፏጩ ድረስ ትናንሽ ብሎኖችን በፀጉር ያህል ወዲህና ወዲያ አዞረ። አባቴን አስታወስኩ፤ እየጠረጠርኩ እንደነበረ ለአንድ አፍታ ረሳሁት።

ከዚያ መንገድ ወጣን። ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ነዳጅ ስሰጣት አንዘፈዘፋት፤ ባለ ሦስት እግር በቅሎ ሆነች። የእግር መንገደኞች አለፉን።

ካቻቢቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። «ሦስቱ ይነሣሉ፤ አራተኛው አይነሣም። ቆሞ ሲሠራ ደህና ነው፤ ነዳጅ ስትሰጠው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

«አንተ አላውቅም ብለህ ታውቃለህ?»

«አሁን አልኩ። ነገ ፈታትቼ አየዋለሁ። አይዞህ፣ ዓርብ ገና ነው።»

ዓርብ ገና አልነበረም። ቀና ስል የብረት ነጋዴውን ከመንገዱ ማዶ አየሁት። እጁን አነሣ። ካቻቢቴም እጁን አነሣለት።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመልኝ። ንጹሕ ዕቃ አሳየኝ፤ አንዱን በማይሠራ ለወጠው፤ ዓርብ ያልፋል፣ ታርጋዋ ይነሳል፣ መኪናዋ ለነጋዴው፣ ጥቅሙ ለሁለቱ።

ቤት ስገባ ሚስቴን በወሬ መሐል ጠየቅኋት። «ወንድምሽ ከብረት ነጋዴው ጋር ይተዋወቃል እንዴ?»

«ከብረት ነጋዴ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ አለ?» መርፌዋን ከጨርቁ ላይ አነሣችና አየችኝ። «ምን አሰብክ ደግሞ?»

«ምንም።»

«‹ጠርጥር› የሚለውን ተረት የተረቱት አንተን አይተው መሆን አለበት» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሐሙስ ለምሳ ሰዓት አስፈቅጄ ጋራዥ ሄድኩ። ካቻቢቴ ከጓሮ እጁን ሲታጠብ የውኃው ድምፅ ይሰማል። ኮፈኑ ክፍት ነው፤ የካርቡሬተሮቹ አፍ አልተሸፈነም። ባትሪዬን አብርቼ ጎንበስ አልኩ። አንደኛው አንድ ጠብታ አለው። ሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው ሦስት። አራተኛው ምንም የለውም። እንደ መስተዋት ያበራል።

ባትሪውን አጠፋሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ የጠረጠረ ሰው ጥርጣሬው እውነት ሲሆንለት የሚሰማው ክፉ ደስታ።

ካቻቢቴ እጁን በጨርቅ እያደረቀ መጣ። ፊቱ በርቷል። «ጋሼ! በደህና ሰዓት መጣህ፤ የሚያስቅ ነገር...»

«አራተኛውን የት አደረስከው?»

«ምኑን?»

«አራተኛውን ካርቡሬተር። የእኔን። ይሄ የእኔ አይደለም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ገና አልገባውም። «አንተ ቤት የነበረው ነው እኮ።»

«አይደለም። ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ሦስቱ ላይ አለ፣ ይሄ ላይ የለም። ለማን ሸጥከው? ለነጋዴው?»

ካቻቢቴ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ምልክት» አለ ቀስ ብሎ። «በምን?»

«በቀለም።»

«በቀይ ቀለም?»

ዓይኑ ወደ አውራ ጣቴ ወረደ፤ ፕላስተሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ ጥቅልል ያለች ጥጥ አወጣና መከላከያው ላይ አስቀመጣት። ጥጧ መሐል ቀይ ነበረች።

«ጠዋት ሙሉ ስፈታው አረፈድኩ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ላስቲኩን አየሁ፣ ደህና ነው። መርፌውን አየሁ፣ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ እዚህ ከንፈሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በሽቦ ስነካት አታሳልፍም። ቀዩን የፋብሪካ ምልክት ነው ብዬ ትቼው ነበር እኮ። ነዳጅ ስትሰጥ በዚህች ቀዳዳ አየር ገብቶ ውስጥ ያለውን ስስ ላስቲክ ከሥር ይገፋዋል። ላስቲኩ ሲነሣ ሞተሩ ይጠጣል። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ላስቲኩ ተኝቶ ይቀራል። በአሴቶን አጥቤ አወጣሁት። የጥፍር ቀለም ነው። የሻጩ ሚስት ጥፍሯን ስትቀባ ያንጠባጠበችው ነው ብለን ከጋራዡ ልጆች ጋር ስንስቅ ነበር። ጥጧን ያስቀመጥኳት ለአንተ ላሳይህ ነው። ያስቅሃል ብዬ።»

ጎንበስ ብሎ በየአፋቸው አየ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚህኛው ላይ አራት ነበር ማለት ነው።»

በቅሎዋ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

«ከእኔ ነው የጠበቅሃቸው?» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ነው የነዳጁ ፔዳል የሚጎትተውን ክንድ ያየሁት። ከአሮጌው ካርቡሬተር ተቆርጦ አዲሶቹ ላይ ተበይዷል። አባቴ በገዛ እጁ የጠመጠመባት የመዳብ ሽቦ ሳትፈታ አብራ ተሻግራለች።

ካቻቢቴ የመኪናዋን ቁልፍ መከላከያው ላይ፣ ከጥጧ አጠገብ አስቀመጠ። «ሞተሩ ተስተካክሏል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይህችን እጀታ ይጎትቱ፤ ሲሞቅ ይመልሱ።»

«እርስዎ» ብሎ እንደጠራኝ የገባኝ ከጋራዡ ወጥቼ ሁለተኛ ማርሽ ካስገባሁ በኋላ ነው። በአሥራ አምስት ዓመት ዝምድናችን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ሚስቴ የጥፍር ቀለሟን ልታነሣ ስትል ክዳኑ ደርቆ ተጣብቆ አገኘችው። ወደ መብራት ያዘችው፤ ግማሹ የለም። ፕላስተሩን አየች። አውራ ጣቴን ያዘችና ፕላስተሩን በአንድ ጊዜ ላጠችው። እጅ ከፍንጅ ማለት ይህ ነው።

ሁሉንም ነገርኳት። እየነገርኳት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜን» አለች በመጨረሻ፣ «በእኔ ቀለም?»

ጠዋት ከመኪናዋ ቁልፍ አጠገብ የአሴቶን ብልቃጥና ጥጥ ተቀምጦ አገኘሁ። እሷ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ሁለቱንም ኪሴ ከተትኩ።

ምርመራ ጣቢያው ውስጥ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሰው ኮፈኑን ከፍተው አራቱን በብዕራቸው ቆጠሩ። «ሰርግ አለብህ እንዴ? አራት ድስት ጥደሃል እኮ!» ከዚያ ማርሚታው ውስጥ ቱቦ ከተው ጭሱን ለኩ፤ ፍሬኑን፣ መብራቱን አዩ። ሁሉም አለፈ። ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው ግን ቆሙ።

«ከፋብሪካ እንደወጣ አይደለም። የሠራው ባለሙያ መጥቶ ለሥራው ኃላፊ ነኝ ብሎ መፈረም አለበት። እስከ አሥር ሰዓት አለሁ።»

«ዛሬ ካልመጣስ?»

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ። «የምታምነው ሰው ነው?»

«የሚስቴ ወንድም ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ጋራዥ ስደርስ ካቻቢቴ ከአንዲት ፒካፕ ሥር ገብቷል። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነው። ለጫማው ነው የተናገርኩት።

«ፊርማህን ይፈልጋሉ። የሠራው ሰው ይፈርም ብለዋል።»

ቁልፍ ብረት ሲነካ ይሰማል። «ምን ብሎ?»

«ለሥራው ኃላፊ ነኝ ብሎ።»

«ነገ መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም፣ እርስዎ ፈርመሃል ብለው ሊይዙኝ ነው?»

«አላደርገውም።»

«በምን አውቃለሁ?» አለ ከመኪናው ሥር። «እርስዎ በምን አወቁ?»

ይቅርታ አልኩ። ያልኩት ለጫማ ስለሆነ ይሁን፣ ቃሉ ስለማይበቃ፣ በእኔው በራሴ ጆሮ እንኳ አልሞላም። ቆምኩ። የሰው መኪና ሥር የገባን ሰው መጠበቅ ልመና ይመስላል፤ ልመናም ነበር።

ቆይቶ ወጣ። ወደ እኔ ሳያይ የመኪናችንን ኮፈን ከፈተ፤ የአየር ማጣሪያዎቹን ነቀለ፤ ባትሪ አብርቶ በየአፋቸው አንድ በአንድ አየ። ከትናንት ወዲህ ምን እንዳደረግሁባቸው እየፈለገ መሆኑ ገባኝ። ልከፋ ፈለግሁ፤ መብት አጣሁ።

«ሦስቱን ያጥፏቸው» አለኝ።

ብልቃጡን ከኪሴ ሳወጣ የእህቱ መሆኑን አወቀ። ጥጡን አርሼ አንዷን ጠብታ አጠፋሁ፤ ከዚያ ሁለቱን። ሦስቱ አስቸገሩኝ፤ ከቀዳዳዋ አጠገብ ነበሩና ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በጥንቃቄ፣ ወደ ውጪ ብቻ እየሳብኩ ጠረግሁ። እሱ ከላዬ ቆሞ ባትሪውን ያዘልኝ። ስጨርስ በየከንፈራቸው ላይ ጣቱን አሳለፈ፤ ጣቱን አየው። ከዚያ እጁን ታጥቦ መጣና መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ከኋላ፣ አባቴ ደንበኞቹን በሚያስቀምጥበት ወንበር ላይ።

ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሰጠኋት። አራቱም ተነፈሱ። መኪናዋ እንደዚያ ስትወጣ አባቴም በሕይወቱ ያያት አይመስለኝም። በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ ካቻቢቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አዘንብሎ ያዳምጣል።

ፈረመ። ባለ መነጽሩ ሰውዬ የማለፊያ ምልክቱን መስተዋቱ ላይ ለጠፉልን። መኪናዋ ዛሬም ትሄዳለች። ካርቡሬተሮቹ ከማን እንደተገዙ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

ካቻቢቴም ከቤታችን አልቀረም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ማለቱን ቀጠለ፤ አንተ ማለቱንም ቀጠለ፤ ይቀልዳልም። ባለፈው ሳምንት የውኃ መሳቢያው ተበላሽቶ ሚስቴ ጠራችው። መጣ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ውኃው መጣ። ሊሄድ ሲል ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመና ኪሶቹን አራገፈ፦ የራሱ ቁልፍ፣ አንድ ካንዴላ፣ ቁራጭ ሽቦ፣ የተረፈችው አንዲት ብሎን። የኪሱን ጨርቅ ወደ ውጪ ገልብጦ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ አሳየን። ከዚያ ብሎኗን ለእኔ ትቶ ሌላውን አንድ በአንድ መልሶ ከተተ።

ማንም አልጠየቀውም። ሚስቴ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች።